ወረቀቱን አትፈርሚ፤ ሞንታርቦውን ግን አጥፊው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከከተማዋ ዳር፣ ከአያት ማዶ ካሉት የኮንዶሚኒየም መንደሮች ከአንዱ ነው። በእጅ የተጻፈ፣ ሦስት ገጽ። ጸሐፊዋ ስሟም ሰፈሯም እንዳይወጣ ለምናኛለች። አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንጌላዊ አማኝ ነኝ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዘወትር ረቡዕ ከ12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ ቤቴ ኅብረት አለን። አሥራ አራት አሥራ አምስት ሰው እንሆናለን። ኪቦርድና አንዲት ሞንታርቦ አለችን። ባለፈው ወር የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢና አንድ ከወረዳ የመጣ ልጅ በራችንን አንኳኩ። ድምፅ ትረብሻላችሁ፣ ደረጃው ላይ ጫማ ትደረድራላችሁ፣ የማይታወቅ ሰው ታስገባላችሁ አሉኝ። ከሳምንት በኋላ ልጁ ብቻውን ወረቀት ይዞ መጣና ፈርሚ አለኝ። ወረቀቱ "በመኖሪያ ቤቴ ውስጥ ከቤተሰቤ አባላት ውጪ ካሉ ሰዎች ጋር ማናቸውንም ሃይማኖታዊ ተግባር ላለማከናወን ግዴታ ገብቻለሁ" ይላል። ካልፈረምሽ ቤቱ ይታሸጋል አለኝ። ባለቤቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። "ፈርሚና እንደ ድሮው ቀጥሉ፤ እንጀራዬን አታሳጪኝ" ይለኛል። የኅብረታችን መሪ ደግሞ "ዳንኤልን አስቢ፤ ከፈረምሽ ክርስቶስን ካድሽ፤ እንዲያውም ድምፁን እንጨምራለን" ይላል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ብፈርም መካድ ነው? ባልፈርም ትዳሬን ላፈርስ ነው? ታች ቤት ያለችው ጎረቤቴም አራስ ናት፤ እሷም አኩርፋኛለች። ምን ላድርግ?»

የኔ እህት፣

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ወረቀቱን አትፈርሚ። ሞንታርቦውን ዛሬውኑ አጥፊው። ኅብረቱ ይቀጥል። ባልሽን አትግፊው። አሁን ቁጭ ብለን እናውራ።

ከአራሷ ልጀምር። በሦስት ገጽ ውስጥ እሷን ያነሳሻት በአንድ መስመር ነው፤ እሱም መጨረሻ ላይ። የእኔ ዓይን ግን እዚያ ላይ ቀረ። የኮንዶሚኒየም ወለል ምን እንደሆነ እናውቃለን። ላይ ቤት ቡና ሲወቀጥ ታች ቤት ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። አንዲት ሳሎን ውስጥ አሥራ አምስት ሰው፣ ኪቦርድና ሞንታርቦ ተጨምሮ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያስተጋባ ከሥር ያለው ሕፃን ምን እንደሚሆን አስቢው። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው የድምፅ ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ሲያወሩ እንኳ 60 ገደማ ይሆናል። ሞንታርቦዋ የት እንደምትደርስ አንቺው ገምቺ።

ስለዚህ ኮሚቴው መጀመሪያ ቀን ካነሳቸው ሦስት ነገሮች ሁለቱ እውነት ናቸው። ድምፁ እውነት ነው። ጫማውም እውነት ነው። እውነተኛ ቅሬታ ላይ «ስደት» የሚል ስም ስንለጥፍበት አያምርብንም። ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ «እንደ ክርስቲያን መከራን ቢቀበል አይፈር» ይላል። አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ብትመለሺ ግን ሰው በራሱ ጥፋት የሚያመጣውን መከራ ለይቶ አስቀምጦታል። ያንን ቁጥር ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን።

ወረቀቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደግመሽ አንብቢው። ድምፅ ቀንሺ አይልም። ጫማ አንሺ አይልም። ከዚህ ሰዓት በኋላ ይቁም አይልም። «ማናቸውንም ሃይማኖታዊ ተግባር» ነው የሚለው። ይህች «ማናቸውንም» የምትባል ቃል ብዙ ነገር ትውጣለች። ነገ ሐዘን ቢደርስብሽና ለቀስተኛ ቤትሽ ገብቶ ቢጸልይልሽ ቃልሽን አፍርሰሻል። ጓደኛሽ ምሳ ልትበላ መጥታ ማዕዱን ብትባርክ አፍርሰሻል። ሰዎቹ ጫማ ሊያስነሱ መጥተው ጸሎት ሊያስፈርሙ ነው።

እስቲ ደግሞ ከብሎካችሁ ሌላ በር አንኳኪ። በወር አንድ ቀን የማርያምን ወይም የሚካኤልን ጽዋ የሚጠጣ ማኅበር አይጠፋም። ቄሱ ይመጣሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ይጸለያል። ሙስሊም ጎረቤት ካለሽ ዘመድ ጠርቶ ዱዓ ያስደርጋል። በዚያ ወረቀት መሠረት ይህ ሁሉ ክልክል ነው። ይህን የምልሽ ጎረቤቶችሽን እንድትከሺ አይደለም። ነገሩ የአንቺ ብቻ እንዳልሆነ እንድታይው ነው።

ባልሽ «ፈርሚና ቀጥሉ» ያለው ነገር አገራችን የለመደው መውጫ ነው። ስንት ነገር ነው ፈርመን የተውነው! ግን ከሦስቱ መንገዶች መጥፎው እሱ ነው። ብትፈርሚና ብትቀጥሉ የማትፈጽሚውን ቃል በፊርማሽ ሰጥተሻል። ነገ ወረቀቱ ከፋይል ይወጣና «በገዛ እጇ ፈርማ» ትባያለሽ። ያኔ የምትጠየቂው ስለ ጸሎት አይሆንም፤ ስለ ውሸት ይሆናል።

መካድ ነው ወይ ላልሽኝ፣ እኔ ይህን ቃል እንዲህ በቀላሉ አልጥለውም። ልጅ የምታሳድግ ሴት ፈርታ ብትፈርም ክርስቶስን ካደች አልልም። ጴጥሮስ ራሱ በአንዲት የቤት ሠራተኛ ጥያቄ ደንግጦ ክዷል፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ጌታ በኋላ ያገኘው በፍም ላይ ዓሣ ጠብሶ ነው እንጂ ክስ ይዞ አይደለም። መሪያችሁ ይህን ቢያስታውስ ደስ ይለኛል። አትፈርሚ የምልሽ «ትረገሚያለሽ» ብዬ አይደለም። ወረቀቱ የሚጠይቅሽ ነገር የአንቺም የወረዳውም ስላልሆነ ነው። ሐዋርያት «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» ያሉት እንደዚህ ላለው ጊዜ ነው።

ዳንኤልን ካነሳን ደግሞ ከመጀመሪያው እናንሳው። መሪያችሁ የሚያስታውሰው ምዕራፍ 6ን ነው፤ የአንበሳውን ጉድጓድ። ምዕራፍ 1 ላይ ያው ዳንኤል ገና ወጣት ሳለ የንጉሡን ማዕድ አልበላም ብሎ በልቡ ወሰነ። ከዚያስ ምን አደረገ? ጮኸ? ሳህኑን ገለበጠ? የለም። ኃላፊውን ለመነ። ሰውየው «እኔ ጭንቅላቴን አጣለሁ» ብሎ ሲፈራ ፍርሃቱን አልናቀበትም። ለመጋቢው «አሥር ቀን ፈትነን፣ ጥራጥሬ ስጠን፣ ከዚያ እየን» አለው። ቆራጥነቱ አልጎደለም፣ ሰውየውም አልተጎዳም። ምዕራፍ 6 ላይም ቢሆን አዋጁን ሰምቶ ያደረገው ነገር ቀድሞ ያደርገው የነበረውን ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ዳንኤል መስኮት ከፈተ እንጂ ሞንታርቦ አልገዛም።

አሁን የራሴን ላጫውትሽ። ያደግኩት ኮተቤ ነው፤ ያኔ ኮተቤ ራሱ የከተማ ዳር ነበር። እናቴ የመሠረተ ክርስቶስ ምእመን ነበረች። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱን ሲዘጋና መሪዎቿን ሲያስር እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን የሚባለው የእኛ ጓዳ ሆነ። ሰዉ አንድ በአንድ ይመጣል፤ በአሥር አሥር ደቂቃ ልዩነት። ረከቦቱ መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ሲኒው ይደረደራል። አብዮት ጥበቃ ከመጣ ቡና እየጠጣን ነው። ዝማሬው በሹክሹክታ ነው፤ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታያለሽ እንጂ አትሰሚም። የእኔ ሥራ ጫማ ነበር። የገባውን ሁሉ ጫማ ተቀብዬ አልጋ ሥር እከትታለሁ። ደጅ ላይ ከተደረደረ ይቆጠራላ!

ከጎናችን አንዲት እማማ ነበሩ። የማርያም ወዳጅ፣ ጾም የማይስቱ። ጴንጤ የሚባል ነገር አይወዱም፤ ለእናቴም ፊት ለፊት ይነግሯት ነበር። እኛ ስንሰበሰብ ግን ወንበራቸውን አውጥተው ደጃቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። የቀበሌ ሰው መንገዱ ላይ ብቅ ሲል «እሽ! እሽ! ይቺ ዶሮ!» እያሉ ይጮሃሉ። ዶሮ አልነበራቸውም። ጓዳ ያሉት ያቺን «እሽ» ሲሰሙ መጽሐፍ ቅዱሱ ጤፍ ጎታ ውስጥ ይገባል፣ ጨዋታው ስለ በርበሬ ዋጋ ይሆናል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ እናቴ አንድ ቀን ጠይቃቸው «ስታመም ገንፎ ያገነፋሽልኝ አንቺ ነሽ፤ በቤትሽ ብትጸልዪ ምን አገባቸው?» አሏት።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትዘጋ ምእመኖቿ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ 34,000 ደርሰው ተገኙ። ሰው ይህን ሲሰማ ተአምር ይላል፤ ልክ ነው። እኔ ግን ከተአምሩ ውስጥ ያቺ «እሽ!» ትሰማኛለች። እንደ እማማ ያለ ጎረቤት ባይኖር ስንቱ ጓዳ ይቆይ ነበር?

እንግዲህ ነገ ማለዳ አጥሚት አፍልተሽ ታች ቤት ውረጂ። ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል እንዳታነሺ። «በድምፅ አስቸግሬሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ፤ ከእንግዲህ አትሰሚንም» በያት። ሕፃኑን ሳሚው፣ ውጪ። ይህ ዘዴ አይደለም። ዕዳ ነው።

ከዚያ ወደ ወረዳው ጉዳይ። ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ብቻውን መምጣቱ ጥርጣሬ አሳድሮብኛል። ወረቀቱ ማኅተም አለው? ቁጥርና ቀን አለው? የማን ፊርማ አለበት? አልነገርሽኝም። ቁጥርና ማኅተም የሌለው ወረቀት ምናልባት የኮሚቴው፣ ምናልባትም የልጁ የራሱ ሐሳብ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ቁጭ አድርጊው፣ ሻይ አቅርቢለት፣ በስሙ ጥሪው። «ይህን በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ስጠኝ፤ በጽሑፍ እመልሳለሁ» በይው። ብዙ ነገር እዚያው ላይ ያልቃል። «ለሻይ» የሚል ነገር ጣል ካደረገ ደግሞ ያቀረብሽለት ሻይ ይበቃዋል።

እሱን ሳትጠብቂ ራስሽ አንድ ገጽ ጻፊ። ለወረዳው ኃላፊ። በመጀመሪያ የአንቺን ጥፋት አስቀምጪ፦ ድምፅ እናበዛ ነበር፣ የድምፅ ማጉያውን አንስተናል፣ ኅብረቱን ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት እንጨርሳለን፣ መተላለፊያውን ነፃ አድርገናል። ቀጥለሽ መብትሽን፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው እምነቱን ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር፣ በይፋ ወይም በግል ማምለክ እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። በመጨረሻ ግዴታውን ለመፈረም እንደማትችዪ። አንድም የስድብ ቃል እንዳይገባበት። ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፣ በሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቺበት። ያቺን ቅጂ እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂያት።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርሽ። ያው አንቀጽ 27 መጨረሻ ላይ ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለሌሎች ሰዎች መብትና ለመሳሰሉት ሲባል እምነትን የመግለጽ መብት ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። ግን የሚገደበው በሕግ ነው፤ በር ላይ በሚፈረም ወረቀት አይደለም። ደግሞም በመኖሪያ ቤት መጸለይና መኖሪያ ቤትን ቤተ ክርስቲያን ማድረግ ይለያያሉ። ሰው በዝቶ ሃምሳ ወንበር ብትደረድሩ፣ ደጅ ላይ ታፔላ ብትሰቅሉ፣ ያኔ ወረዳው «ይህ ቤት ለምን አገልግሎት ነው?» ቢል ልክ ነው። አሥራ አምስት ስትሆኑ ሁለት ቦታ ተካፈሉ። እናቴ ቤት ከሰባት ሰው በላይ ገብቶ አያውቅም።

ጳውሎስም መብቱን ያውቅ ነበር። ፊልጵስዩስ ላይ ያለ ፍርድ ገርፈው አሰሩት። በማግሥቱ ሹሞቹ በስውር ሂድልን ሲሉት እምቢ አለ። የሮሜ ዜጋ ነኝ፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡኝ አለ። መጥተው ለመኑት። ይህ ትዕቢት አልነበረም፤ እዚያ ከተማ ለሚቀሩት አማኞች መንገድ ማበጀት ነበር።

ወረዳው ካልሰማሽ ክፍለ ከተማ አለ። ከዚያ የእንባ ጠባቂ ተቋምና የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አሉ፤ አቤቱታ ለመቀበል ገንዘብ አይጠይቁም። አጥቢያሽም ዝም ብሎ ማየት የለበትም፤ ኅብረቱ የእነሱ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በራስጌ ወረቀት ይጻፉልሽ። ለማሸግ ከመጡ በር ላይ ግብግብ አይኑር፤ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቂ፣ የመጡትን ሰዎች ስምና ሰዓቱን ጻፊ። አይድረስና ከእናንተ ሰው ከታሰረ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ዝም የማለት መብትም አለው። ቲክቶክ ላይ ግን አታውጡት። አንዴ ከወጣ የአንቺ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። አንቺን የማያውቁ ሰዎች ይሳደቡበታል፤ ታች ያለችው አራስም በማታውቀው ጠብ ውስጥ ትገባለች።

አሁን ስለ ባልሽ። ሰውየውን ፈሪ አድርገሽ ጽፈሽልኛል። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። የመንግሥት ሾፌር ነው፤ ግምገማ አለበት፣ የሁለት ልጆች አስቤዛ አለበት። የአንቺ ጽናት ዋጋ የሚከፈለው ከእሱም ኪስ ነው፤ አማክረሽዋል? የተጠራጠርኩት ማማከርሽን ነው። ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ በሉ። ሞንታርቦው እንደቀረ፣ ሰዓቱ እንዳጠረ፣ ደብዳቤ እንደምታስገቢ ንገሪው። ደብዳቤው በአንቺ ስም ብቻ ይሁን። ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪው። የሚፈራው ምን እንደሆነ በስሙ ይጥራው፤ አለቃውን ነው? ቤቱን ነው? ፍርሃት ስም ሲወጣለት ያንሳል። «አንተ ሥጋዊ ነህ» የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ።

ለኅብረቱ መሪ ደግሞ ይህን ክፍል አንብቢለት። ወንድሜ፣ ቅንዓትህን አከብራለሁ። ግን «ድምፁን እንጨምራለን» ስትል ቤቱ የአንተ አይደለም፤ የሚታሸገውም የአንተ በር አይደለም። ቄስ ጉዲና ቱምሳን ታውቃቸዋለህ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈተዋል። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለዋል። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ ማታ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተይዘው ተገደሉ። በዚያው ክረምት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው መንግሥት ተገድለዋል። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የእነዚህን ሰዎች ስም ይዤ ስለ አንዲት ድምፅ ማጉያ መሟገት እኔ ይከብደኛል። አንተንም ሊከብድህ ይገባል። ጥንካሬህን ለማሳየት ከፈለግህ ከእህታችን ጋር ወረዳ ሂድና መዝገብ ቤት በር ላይ ወረፋ ያዝላት። ያ መሥሪያ ቤት ወረፋው ረጅም ሳይሆን አይቀርም።

የኔ እህት፣ የሚቀጥለው ረቡዕ ዝማሬው ምን እንደሚመስል ይታየኛል። መጀመሪያ ቀን ይጨንቃል፤ ያለ ማይክ ድምፃችን የማይበቃ ይመስለናል። የኪቦርዱን ድምፅ ዝቅ አድርጉት፣ ወይም ለአንድ ወር እሱንም ተዉት። በእጃችሁ ጉልበታችሁን መታ መታ እያደረጋችሁ ዘምሩ። እኛ እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

ጫማውን ብቻ አስቢበት። ደረጃው ላይ አይደርደር፤ ሽማግሌ በጨለማ ይሰናከልበታል። አልጋ ሥርም አትደብቂው። መርካቶ ባለ አራት ድርድር የጫማ መደርደሪያ ይሸጣል፤ ግዢና ከበርሽ ጎን፣ ከውስጥ በኩል፣ በሩ ሲከፈት በሚታይበት ቦታ አቁሚው።